«የይለፍ ቃል ጠየቀህ?»

እነዋሪ ላይ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያለው ወጣት፣ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ሲጠግን ለኖረ የአገሩ ሰው ስልክ ደውሎ የተነጋገሩት።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ሥራ ላይ ነዎት?

ባለሙያው፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ? ጅሩ እንዴት ሰነበተ?

ወጣቱ፦ ዝናቡ በርትቷል፤ መረሬው ጫማ ያስቀራል። ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ኮምፒውተሩ ቡት አላደርግም አለ። ማታ አፕዴት ሲያደርግ መብራት ሄደበት፤ ጠዋት ብከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ድርቅ አለ። ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ።

ባለሙያው፦ አይቼዋለሁ። «ከርነል ፓኒክ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሩት ፋይል ሲስተሙን ማውንት ማድረግ እንዳልቻለ ይናገርና «አንኖውን ብሎክ ዜሮ፣ ዜሮ» ብሎ ይጨርሳል። ጽሑፉ ያስደነግጣል፤ ግን የቆመበትን ቦታ ነግሮሃል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኡቡንቱ ሊኑክስን ስትጭን ዲስኩን ቆልፈኸው ነበር አይደል?

ወጣቱ፦ አዎ፣ በይለፍ ቃል። የሰው ማመልከቻ፣ የመሬት ደብተር፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን ይቀመጥበታል። ሌባ ቢወስደው እንኳ እንዳይከፍተው ብዬ ነው።

ባለሙያው፦ ደግ አድርገሃል። ዛሬ ጠዋት ታዲያ የይለፍ ቃሉን ጠየቀህ?

ወጣቱ፦ የይለፍ ቃል... አልጠየቀኝም። በቀጥታ እዚህ ጽሑፍ ላይ ደረሰ።

ባለሙያው፦ በል እንግዲህ ፎርማት የሚለውን ሐሳብ ከአእምሮህ አውጣ። ፋይሎችህ አልተነኩም። ኮምፒውተሩ የዲስክህ በር ላይ ገና አልደረሰም።

ወጣቱ፦ ከምን አወቁት?

ባለሙያው፦ ማብሪያውን ስትጫን መጀመሪያ የሚነሣው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ፣ በድሮዎቹ ባዮስ እንለዋለን። እሱ ግሩብ የተባለውን አስነሺ ይጠራል። ግሩብ ደግሞ ሁለት ፋይል ወደ ሜሞሪ ይጭናል። አንዱ የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ ነው፤ እሱን ሁሉም ሰው በስም ያውቀዋል። ሁለተኛው ኢኒትራምኤፍኤስ ነው፤ እሱን ግን የሚያስታውሰው የለም። ኢኒትራምኤፍኤስ ሜሞሪ ላይ ለጥቂት ሰከንድ የምትቆም ትንሽ ሲስተም ናት። ዲስኩን የሚያሳውቁት ድራይቨሮች እሷ ውስጥ ናቸው፤ የተቆለፈ ዲስክ ሲኖር የይለፍ ቃል የምትጠይቅህም እሷ ናት። አንተን ማንም አልጠየቀህም። ስለዚህ ከርነሉ ተነሥቷል፣ እሷ ግን የለችም ወይም ጎድላለች። ድራይቨር በሌለበት ከርነሉ ምንም ዲስክ አይታየውም፤ ዜሮ፣ ዜሮ ያለህ ለዚህ ነው።

ወጣቱ፦ መብራቱ ነዋ! አፕዴቱን መሃል ላይ ቆረጠብኝ።

ባለሙያው፦ ሊሆን ይችላል። መብራትን ለመክሰስ ግን አትቸኩል። እኛ አገር ለተበላሸ ነገር ሁሉ የተዘጋጀ ተከሳሽ ስላለን ምርመራ አንወድም። አሁን ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራው። የአምራቹ አርማ ሲወጣ «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ተጫን። የድሮ ባዮስ ቢሆን ኖሮ ሺፍት ነበር።

ወጣቱ፦ ተጫንኩት... ደጋግሜ ተጫንኩት። አሁን «ግሩብ» ብሎ ባዶ መስመር ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። አበላሸሁት?

ባለሙያው፦ አላበላሸህም። ኢስኬፕን ስታበዛው ሜኑውን አልፈህ ትዕዛዝ መጻፊያው ውስጥ ትገባለህ። «ኖርማል» ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍና ኢንተር በል፤ ወዲያው ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ብቻ ንካ።

ወጣቱ፦ ሜኑው መጣ!

ባለሙያው፦ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ውስጥ ግባ። ከርነሎቹ ተደርድረዋል፤ ከላይ ያለው አዲሱ ነው። ከሱ በታች ያለውን፣ «ሪከቨሪ» ያልተባለውን ምረጥ።

ወጣቱ፦ ...የይለፍ ቃል ጠየቀኝ! ጋሼ፣ ገባ! ዴስክቶፑ መጣ! እንዴ፣ ይኼ ሁሉ ጭንቀት ለዚህ ነው?

ባለሙያው፦ ገና ነው። አሁን ያለኸው ባለፈው ከርነል ላይ ነው፤ የታመመው አልተነካም። ተርሚናል ክፈት። በቃል የምነግርህን ጻፍ፦ ዩኔም፣ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ አር። የሚያወጣልህን ቁጥር ወረቀት ላይ ያዘው። አሁን የተቀመጥክበት ከርነል ስም እሱ ነው፤ ምንም ብታጠፋ እሱን እንዳታጠፋ።

ወጣቱ፦ ጻፍኩት።

ባለሙያው፦ ቀጥሎ ዲኤፍ፣ ሰረዝ ኤች፣ ከዚያ ስላሽ ቡት። የመቶኛውን ቁጥር አንብብልኝ።

ወጣቱ፦ መቶ ፐርሰንት። የቀረው ዜሮ ይላል። እንዴት ሊሆን ይችላል? ዲስኬ ገና ግማሹም አልተነካ!

ባለሙያው፦ ዲስክህ ሰፊ ነው። ግን ስትቆልፈው ጫኚው ቡት የሚባለውን ክፍል ለብቻው ከቁልፉ ውጭ ያወጣዋል፤ ግሩብ ከርነሉን የሚያነበው ከዚያ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ቀደም ብሎ በተጫነ ብዙ ማሽን ላይ አንድ ጊጋ እንኳ አይሞላም። አንድ ከርነል ከነኢኒትራምኤፍኤሱ መቶ ሜጋ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አሁን መብራቱን ፍርድ ቤት እናቅርበው። ቫር፣ ከሱ ሥር ሎግ፣ ከሱ ሥር ኤፒቲ የሚባል ፎልደር አለ፤ ውስጡ «ተርም» የሚል የሎግ ፋይል ታገኛለህ። መጨረሻውን አንብበው።

ወጣቱ፦ ቆይ ደንበኛ መጣ... እሺ። አገኘሁት። «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ይላል። ከዚያ «አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ ፌይልድ»። ሰዓቱ... ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ መብራት ከመሄዱ በፊት ነው!

ባለሙያው፦ ተከሳሹ ነጻ ወጣ። መብራት ባይሄድ ኖሮም ኮምፒውተሩን ባጠፋኸው ቀን እዚሁ ትደርስ ነበር። መብራቱ ያደረገው ቀኑን ማቅረብ ብቻ ነው።

ወጣቱ፦ ግን ኡቡንቱ የድሮዎቹን ከርነሎች ራሱ ያጠፋል ይባል የለ?

ባለሙያው፦ ራሱ ያመጣቸውን ያጠፋል፤ የቅርቦቹን ሁለት ያህል ያስቀራል። በእጅህ መርጠህ የጫንከውን ግን የፈለግከው ነው ብሎ አይነካብህም። ለዋይፋይ ዶንግልህ ስትል ከርነል እየለዋወጥክ ስትሞክር አልነበር?

ወጣቱ፦ ነበር። ኢንተርኔት ተዘግቶ ቆይቶ ሲለቀቅ፣ ዶንግሉ አልሠራ ሲለኝ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየጫንኩ ሞክሬአለሁ።

ባለሙያው፦ እነሱ ሁሉ እዚያው ተኝተዋል። በል አሁን አንድ በአንድ። ቡት ውስጥ ገብተህ ፋይሎቹን በ«አርኤም» እንዳትሰርዛቸው። ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል፤ ከዚያ የፓኬጅ መዝገቡ ከርነሉ አለ ይላል፣ ፋይሉ የለም፣ ቀጣዩ አፕዴት ደግሞ በተራው ይሰናከላል። በኤፒቲ፣ «ፐርጅ» ብለህ፣ የድሮውን ከርነል ሙሉ ስም ጽፈህ አጥፋው። ወረቀትህ ላይ ካለው ቁጥር ጋር እያስተያየህ።

ወጣቱ፦ እምቢ አለኝ። ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ፣ መጀመሪያ እሱን ጨርስ ይለኛል።

ባለሙያው፦ ይጠበቃል። መጨረስ ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ለማግኘት ደግሞ መጨረስ ያስፈልጋል፤ አዙሪት ነው። የሚሰብረው አንድ ቀዳዳ አለ። ቀድሞ አርኤም አትንካ ያልኩህን አሁን ለአንድ ፋይል ብቻ እፈቅድልሃለሁ። ቡት ውስጥ ኢኒትራምኤፍኤስ የተቀመጠበት፣ ስሙ «ኢኒትአርዲ» ብሎ የሚጀምር፣ በጣም የቆየውን ቁጥር የያዘ ፋይል አለ። እሱን ብቻ ሰርዝ። የዚያን ከርነል ፓኬጅ አሁኑኑ ስለምናጠፋው መዝገቡም ይስተካከላል።

ወጣቱ፦ ሰረዝኩት።

ባለሙያው፦ አሁን ሱዶ፣ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ከዚያ አንድ ሰረዝ ኤ። የተቋረጠውን ሁሉ ያነሣዋል። ሲጨርስ ያንን የድሮ ከርነል ፐርጅ አድርግ፤ በእጅህ የጫንካቸውን ሌሎቹንም እንዲሁ። በመጨረሻ ሱዶ፣ አፕዴት ሰረዝ ኢኒትራምኤፍኤስ፣ ሰረዝ ሲ፣ ሰረዝ ኬ፣ ከዚያ የአዲሱ ከርነል ቁጥር። ፋይሉ ቀድሞም አለ ካለህ በሰረዝ ሲ ፈንታ ሰረዝ ዩ ጻፍ። ከዚያ ሱዶ፣ አፕዴት ሰረዝ ግሩብ።

ወጣቱ፦ እየሠራ ነው። ይቆያል መሰለኝ። ጋሼ፣ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የድሮው ከርነል እንዴት በአዲሶቹ ፕሮግራሞች ላይ ሠራ? ሁሉም ነገር ታድሶ እሱ ብቻ አሮጌ ነው እኮ።

ባለሙያው፦ ይኼ ሕግ ስላለው ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1983፣ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ። እሱ አጥብቆ የያዘው ደንብ ከርነሉ ሲለወጥ ሲሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ነው። በዚህ ምክንያት በከርነሉና በፕሮግራሞቹ መካከል ያለው ድንበር ረግቶ ይኖራል፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብትመለስ ሥራህ አይቆምም። ደንቡ የማይጠብቀው ከከርነሉ ውጭ የተሠራ ድራይቨርን ነው፤ የአንተን ዶንግል ዓይነት። እሱ ለእያንዳንዱ ከርነል እንደ አዲስ መገንባት አለበት። አዲሱ ላይ ስትገባ ዋይፋይህ ቢጠፋ እንዳትደነግጥ፤ የከርነሉ «ሄደርስ» መጫኑን አይተህ ድራይቨሩን እንደገና ታስገነባዋለህ።

ወጣቱ፦ እኔ ግን ከእንግዲህ አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም። ምሏል በሉኝ። ሱቁ አንድ ቀን ከተዘጋ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ባለሙያው፦ መሐላህን ለጊዜው አቆየው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ «ደርቲ ፓይፕ» የተባለ የከርነል ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ከከርነል 5.8 ጀምሮ የገባ ነው። በማሽኑ ላይ ተራ ተጠቃሚ የሆነ ሰው ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል ላዩ ላይ እንዲጽፍበት ያስችለው ነበር፤ ከዚያ የማሽኑ ጌታ ይሆናል። አንድሮይድ ስልኮች ሳይቀሩ ተነክተዋል። ጥገናው የመጣው በአፕዴት ነው። ያንተ ቤት ውስጥ የማታውቀው ሰው ፍላሽ ሲሰካ ይውላል፣ ተማሪዎች ቁጭ ብለው ይጽፋሉ። አፕዴት አላደርግም የሚለው ውሳኔ የሰውን የመሬት ደብተር ስካን የያዘ ማሽን ላይ አይሆንም።

ወጣቱ፦ ዊንዶውስ ብመለስስ? ቢያንስ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ባለሙያው፦ ዊንዶውስን የተውከው ለምን ነበር?

ወጣቱ፦ የፍላሽ ቫይረስ። የደንበኛውን ፎልደር ሁሉ ሾርትከት እያደረገ ሰላም ነሣኝ።

ባለሙያው፦ እሱ እንዳለ ሆኖ፣ የቡት ችግር የሊኑክስ ብቻ እንዳይመስልህ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ ይህን ቁጥር የሰጠው ማይክሮሶፍት ራሱ ነው። አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች ቆሙ። ብዙው የተነሣው ሰው በእጁ እየዞረ፣ ማሽኑን በ«ሴፍ ሞድ» እየከፈተ፣ ፋይሉን እየሰረዘ ነው። እንዲህ ስልህ ግን በሊኑክስ ልኩራራብህ አይደለም። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ቡትሆል» የተባለውን የግሩብ ቀዳዳ ለመድፈን ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ የለቀቀው አፕዴት የራሱን ደንበኞች ሰርቨሮች ቡት እንዳያደርጉ አደረጋቸው። ቀዳዳው ሳይሆን መድፈኛው ነው የጎዳቸው።

ወጣቱ፦ ያኔ ታዲያ የድሮውን ከርነል መምረጥ ያድን ነበር?

ባለሙያው፦ አያድንም ነበር! ጥሩ ጠየቅህ። ያኔ የተሰበረው ከርነሉ ሳይጠራ በፊት ያለው ደረጃ ነው፤ ሜኑው ራሱ አይመጣም። ለዚህ ነው መጀመሪያ «ምን ታየህ» ብዬ የማስጨንቅህ። ሜኑው ካልመጣ ችግሩ ግሩብ ወይም ከሱ በፊት ነው። ሜኑው መጥቶ ፓኒክ ካለ ኢኒትራምኤፍኤስን ጠርጥር። በቅንፍ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል መጻፊያ ላይ ከጣለህ ዲስኩን አልፎ መግባት አቅቶታል፤ መብራት በድንገት ሲሄድ የሚመጣው እውነተኛው ችግር ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው፣ «ኤፍኤስሲኬ» ተብሎ ፋይል ሲስተሙ ይታረማል። «ኢመርጀንሲ ሞድ» ካለህ ብዙ ጊዜ «ኤፍኤስታብ» ውስጥ የተጻፈ፣ አሁን ግን የሌለ ዲስክ ይፈልጋል። ሁሉም አልፎ ስክሪኑ ከጠቆረ የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሩን ጠርጥር። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን የጫነው ጎረቤትህስ ምን አጋጠመው?

ወጣቱ፦ እሱ አንድ ጊዜ «ሰኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» እያለ ጠፋበት። ዲስክ ነው ብሎ ዲስክ ገዛ።

ባለሙያው፦ ገንዘቡን! ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት የቆዩ የሊኑክስ አስነሺዎችን እንዳይታመኑ የሚያደርግ ዝርዝር ማዘርቦርዱ ላይ ጻፈ። ከኡቡንቱ ጋር ዊንዶውስ የነበረው ብዙ ሰው ያንኑ ጽሑፍ አየ። ያልታመነ አስነሺ እንዳይነሣ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ፣ ኡቡንቱ ገብቶ፣ ዝርዝሩን አንሥቶ መልሶ ማብራት ይበቃው ነበር። ጽሑፉን ሳያነብ ዲስክ የገዛ ሰው እሱ ብቻ እንዳይመስልህ።

ወጣቱ፦ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው እኮ፣ ጋሼ። በአማርኛ ቢሆን ማን ይደነግጥ ነበር?

ባለሙያው፦ የፊደሉ ነገር እንኳ ተሠርቷል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ጥቁሩ ኮንሶል ላይ የሚሠራ «ጎሃ» የሚባል የኢትዮጵያ ፊደል ይዘው ይመጣሉ። ከርነሉ ግን ከእንግሊዝኛ ውጭ አይናገርም፤ ሄልሲንኪም ሆነ ቶኪዮ ያለው ሰው የሚያየው ያንኑ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሣው። ፎቶ ያነሣ ሰው ግማሹን ጠግኗል።

ወጣቱ፦ ጨረሰ! «ጄኔሬቲንግ» ብሎ ሁለቱንም ከርነል ስም ጠራ፤ ከሁለቱም ሥር ኢኒትአርዲ አለ። ሪስታርት ላድርገው?

ባለሙያው፦ አድርገው። ሜኑውን አትንካ፣ ራሱ ይነሣ።

ወጣቱ፦ ...የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ገባ። ዩኔም አዲሱን ቁጥር ይላል። ዋይፋዩ ግን እንዳሉት ጠፍቷል!

ባለሙያው፦ ከስልክህ በኬብል ኢንተርኔት ስጠውና ሄደርሱን ጫን። እሱ ትንሽ ሥራ ነው። ቡት አሁን ስንት ፐርሰንት ነው?

ወጣቱ፦ አርባ አይሞላም። ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ስልኬም ሊኑክስ ነው ይላሉ፤ እሱ አፕዴት ሲያደርግ እንዲህ ሲሆን አላየሁም።

ባለሙያው፦ ብዙዎቹ የዛሬ አንድሮይዶች ሲስተሙን የሚያስቀምጡበት ሁለት ቦታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድሮይድ 7 የመጣ አሠራር ነው። አንተ በአንዱ ላይ ስትሠራ አዲሱ በሌላኛው ላይ ይጻፋል፤ ቡት ካላደረገ ስልኩ ሳይጠይቅህ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኡቡንቱ ያው የድሮ ከርነል አለው፣ ግን የሚመልስህ አንተ ራስህ ሜኑው ውስጥ ገብተህ ነው።

ወጣቱ፦ አባቴም እንዲያ ነው የሚያደርግ። የተሻሻለ የስንዴ ዘር ሲመጣለት ማሳውን በሙሉ አይሰጠውም፤ የነበረውን ዘር ጎተራ ያስቀራል።

ባለሙያው፦ አባትህ ሲስተም አድሚን ነው እንግዲህ። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ፤ አዲስ ከርነል በወጣበት ዕለት መጫንም ግዴታ የለብህም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ዴቢያን የ12.3 እትሙን ሊለቅ ሲል ከርነል 6.1.64 ኤክስት 4 በተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ዳታ ሊያበላሽ የሚችል ስሕተት ተገኘበት። እትሙን ዘለሉት፣ በ12.4 ወጡ። ሰርቨር ለሚጠብቅ ሰው መዘግየት አደጋ አለው፤ ለአንተ ቤት ግን ሌላው ጭኖት እስኪያይ ጥቂት ቀን መቆየት ብልህነት ነው። ጥቂት ቀን ግን ጥቂት ቀን ነው፤ ዓመት አይሁን።

ወጣቱ፦ መቼ ላድርገው ታዲያ?

ባለሙያው፦ ሱቅ ልትዘጋ ስትል ሳይሆን ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ። ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪው ሞልቶ፣ ያንተው ዴስክቶፕ ነውና ዩፒኤስ ላይ ሆኖ። ከመጀመርህ በፊት ዲኤፍ ብለህ ቡትን እይ። ከሰማንያ በላይ ከሆነ አታድስ፣ አጽዳ። ዛሬ የነገርኩህን ትዕዛዞች ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፍና ከፎቶኮፒ ማሽኑ በላይ ለጥፈው። ኢንተርኔት በማይኖርበት ቀን ስልክም ላይኖር ይችላል። «ማን» የሚለው ትዕዛዝ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የእያንዳንዱን ትዕዛዝ መግለጫ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ታገኛለህ።

ወጣቱ፦ እሺ ጋሼ። ውለታዎን እግዜር ይክፈልልኝ። ሜኑው ጭራሽ ያልመጣ እንደሆነስ?

ባለሙያው፦ ያኔ የሚያድንህ የኡቡንቱ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ነው። ከሱ ተነሥተህ፣ ዲስክህን በይለፍ ቃሉ ከፍተህ፣ «ሲኤችሩት» ብለህ የራስህ ሲስተም ውስጥ ትገባለህ፤ ከዚያ የዛሬውን ሁሉ ትደግመዋለህ። ፍላሽ አለህ?

ወጣቱ፦ ፍላሽማ ሞልቷል። የተዘጋጀ ግን የለኝም።

ባለሙያው፦ ዛሬውኑ አዘጋጀው። ኮምፒውተሩ ከሞተ በኋላ ማዘጋጃ ኮምፒውተር የለህም።